የጨለቆት ዘውድ፦ አግኚ ተገኝቶ ተቀባይ የጠፋበት ጉዳይ

ጌጥ ወይም ሌላ ውድ ዕቃ ወድቆ ስላገኘ ሰው ሲወራ ሁላችንም ቶሎ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። መለሰ ወይስ ዋጥ አደረገው? ከመለሰ እናመሰግነዋለን፤ ካልመለሰ የምንለው አናጣም። ወሬውም እዚያ ላይ ያልቃል። እዚህ የማነሳው ጉዳይ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ያገኙት ሰው ዕቃው መመለስ እንዳለበት ያወቁት ገና ሲያዩት ነው። መልሰው እስኪያስረክቡ ግን 21 ዓመት ፈጀ። መሃል ላይ የቆመው ጥያቄ "ለማን?" እና "በማን እጅ?" የሚል ነበር።

ያገኙት አቶ ሲራክ አስፋው ናቸው። በደርግ ጊዜ፣ በቀይ ሽብሩ ዘመን ከአገር ወጥተው ኔዘርላንድስ የገቡ ስደተኛ ነበሩ። በኋላ እዚያው፣ ሮተርዳም ከተማ ኑሮ መሥርተው ለኔዘርላንድስ መንግሥት በአማካሪነት ሠርተዋል። ያገኙት ደግሞ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ዘውድ ነው። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ዘውዱ። ባለቤቱን ለማወቅ ዕቃውን ማወቅ ይቀድማል።

ዘውዱ የጨለቆት ሥላሴ ነው። ጨለቆት ከመቐለ በስተደቡብ፣ እንደርታ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ ግን ትልቅ ስም ነበራት። የትግራዩ ኃያል ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ዋና መቀመጫቸው አንጣሎ ሆኖ፣ ጨለቆትንም መኖሪያቸው አድርገዋት ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ከእንግሊዝ ንጉሥ የተላከ ስጦታ ይዞ መጥቶ ያረፈው እሳቸው ዘንድ ነው። ራስ ወልደ ሥላሴ ያረፉት በ1808 ዓ.ም. ነው። ዘውዱን ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጡት እሳቸው እንደሆኑ ይታመናል። ስማቸው ወልደ ሥላሴ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሥላሴ፣ ዘውዱ ላይ የተቀረጹትም ሥላሴና ሐዋርያት ናቸው። ሥራው በወርቅ የተለበጠ መዳብ ነው። እንዲህ ያለ ዘውድ በዓለም ላይ የሚታወቀው ሃያ ገደማ ብቻ ነው።

ዘውድ ሲባል ለብዙ ሰው በሐሳቡ የሚመጣለት ንጉሥ የሚደፋው ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። መሳፍንትና ነገሥታት ለታቦት ዘውድ መስጠት የቆየ ልማዳቸው ነበር። የተሰጠው ዘውድ ዕቃ ቤት ይገባል። ቄሰ ገበዙ ይጠብቀዋል። በዓል ሲሆን ካህኑ ደፍቶት ይወጣል። ሕዝቡ እልል ይላል። በሚቀጥለው በዓል ደግሞ እንደገና ይወጣል። ይህን የምዘረዝረው በምክንያት ነው። ለታቦት የተሰጠ ዕቃ የማንም ግለሰብ አይደለም። ገበዙም አይሸጠውም፣ ሰጪው ቤተሰብም መልሱልኝ አይልም። እዚህ ላይ ባለቤት የምንለው አንድ ደብር ነው፤ ደብሩ ማለት ደግሞ ታቦቱ፣ ካህናቱና ምእመናኑ በሙሉ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ባለቤት ስልክ የለውም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ "ጠፋብኝ" ብሎ ቢያመለክትም ድምፁ ሮተርዳም ድረስ አይሰማም።

ዘውዱ የጠፋው በ1985 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያው ዘመን የተነሳ አንድ ፎቶ አለ፤ አንድ ካህን ዘውዱን ደፍተው ይታያሉ። ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አልታወቀም። ፍለጋ ቢደረግም አልተገኘም። በእነዚያ ዓመታት የብዙ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያለው የእንጨት በር፣ ቁልፍና አንድ ጠባቂ ነበር። ዕቃው በእጅ ጽሑፍ መዝገብ ላይ ቢሰፍርም "አንድ ዘውድ" ተብሎ ነው። መጠኑ፣ ምልክቱ፣ ጉድፉ አይጻፍም። ሌባ ደግሞ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ላሊበላ የሚገኘው አፍሮ አይገባ መስቀል እንኳ በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ፣ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ቤልጅግ አንድ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር። አፍሮ አይገባን የማያውቅ የለምና አገር ተንጫጫ። ስለ ጨለቆት ዘውድ ግን የሚጮኽ ብዙ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ሮተርዳም እንሂድ።

አቶ ሲራክ ቤታቸው ክፍት ነበር። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ፣ ስደተኛ፣ ወዳጅ እሳቸው ጋ ያርፍ ነበር። ውጭ አገር የኖረ ኢትዮጵያዊ ይህን ዓይነት ቤት ያውቀዋል። ሶፋው አልጋ ይሆናል። የሰው ሻንጣ ኮሪደር ላይ ወራት ይቀመጣል። በ1990 ዓ.ም. የጸደይ ወራት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1998፣ አንድ ሰነድ ሲፈልጉ አንድ እንግዳ ትቶት የሄደ ሻንጣ ከፈቱ። ውስጡ ዘውዱ ነበር።

በኋላ ለጋዜጠኞች እንደተናገሩት፣ እንዳዩት የተሰረቀ መሆኑንና የኢትዮጵያ መሆኑን ተረድተዋል። ሻንጣውን የተወውን ሰው አግኝተው ፊት ለፊት ነገሩት። ዘውዱ ከዚህ ቤት የሚወጣው ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ ብቻ ነው አሉት። ለእኔ የጉዳዩ ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው። ሻንጣውን ዘግቶ "የሰው ዕቃ ነው፣ አያገባኝም" ማለት ቀላል ነበር። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ፤ እንግዳን "ሌባ ነህ" እንደማለት ነውና። ያንን ተሻገሩት።

ከዚያስ? ከፊታቸው ጥቂት መንገዶች ነበሩ። ሁሉም ጎርባጣ ናቸው።

አንደኛው የኔዘርላንድስ ፖሊስ ነው። አቶ ሲራክ የፈሩት ዘውዱ ተወርሶ እዚያው ይቀራል ብለው ነው። ፍርሃቱ እንዲሁ የመጣ አይደለም። የተዘረፈ የባህል ንብረት ወደ አገሩ እንዲመለስ የሚያስገድደው የዩኔስኮ ስምምነት እ.ኤ.አ. የ1970 ቢሆንም፣ ኔዘርላንድስ የገባችበት በ2001 ዓ.ም. ነው። ዘውዱ ሲገኝ ያ ሕግ እዚያ አገር ገና አልነበረም። የቀረው ተራው የስርቆት ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ደግሞ አንድ ስደተኛ ቤት ውስጥ የተገኘ የተሰረቀ ዕቃ መጀመሪያ የሚያስጠይቀው የቤቱን ባለቤት ነው።

ሁለተኛው ኤምባሲ ነው። አቶ ሲራክ በወቅቱ የነበረውን መንግሥት አላመኑትም። ብሰጣቸው ዳግም ይጠፋል የሚል ስጋት ነበራቸው። ከአንድ መንግሥት ሸሽቶ የወጣ ሰው ለሚቀጥለው ቶሎ ልቡን አይሰጥም። ይህን ስጋት ማንም ከውጭ ሆኖ ሊያጣጥለው አይገባም ባይ ነኝ።

ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ናት። ይሄ መንገድ በዜናዎቹ ላይ ብዙም ሲነሳ አላየሁም። እኔ ግን ዋናው ነው እላለሁ፤ ባለቤቷ ናትና። ችግሩ በዚያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሁለት ተከፍላ ነበር። አገር ቤት አቡነ ጳውሎስ የሚመሩት ሲኖዶስ አለ። ውጭ ደግሞ አቡነ መርቆሬዎስ የሚመሩት አለ። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ አጥቢያዎች አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ፣ አንዱ ገለልተኛ ሆነው ነበር። "ለቤተ ክርስቲያን ስጥ" ማለት ራሱ ወገን መምረጥ ነበር። የታረቁት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው።

አራተኛው በቀጥታ ጨለቆት ማድረስ ነው። ዘውዱ ሻንጣ ውስጥ በተገኘ በወሩ፣ በግንቦት 1990፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሳ። በዚያው ወር መጨረሻ መቐለ ላይ ቦምብ ወረደ። አንድ ሰው በወርቅ የተለበጠ ዘውድ በሻንጣ ይዞ በየኬላው ፍተሻ እያለፈ መቐለ ይሂድ ማለት የማይመስል ነገር ነው።

ስለዚህ ያዙት። በዚያ ዘመን በነበሩ የኢንተርኔት ውይይቶች ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ምን ያድርግ ብለው ጠይቀዋል። የሚያረካ መልስ አላገኙም። ራሳቸውን አደራ ተቀባይ አድርገው ቆጠሩ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። አደራ ሲባል ግን ብዙውን ጊዜ ሰጪው ይታወቃል። "ይህን ያዝልኝ" ብሎ እጅህ ላይ ያስቀመጠልህ ሰው አለ። እዚህ ሰጪ የለም። ያስቀመጠው ሰው ባለቤት አይደለም፣ ባለቤቱ ደግሞ ማን ዘንድ እንዳለ አያውቅም። እንዲህ ያለውን አደራ 21 ዓመት አፓርታማ ውስጥ መሸከም ከባድ ነው። ቤት ሲቃጠል፣ ሲዘረፍ፣ ሰውየው ድንገት ሲታመም ማን ያውቀዋል? እንግዳ ማሳደርም እንደ ቀድሞው አይሆንም። መጀመሪያ ያመጣው ሰውም የት እንዳለ ያውቃል።

እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። አቶ ሲራክ ያደረጉትን አከብራለሁ። ዘውዱ ዛሬ አንድ ሀብታም ሰው ሳሎን ውስጥ ያልተቀመጠው በእሳቸው ምክንያት ነው። ነገር ግን ሌላኛውን ወገንም ማየት አለብን። በእነዚያ 21 ዓመታት ጨለቆት ውስጥ ልጅ የነበሩት አደጉ፣ ያን ዘውድ ደፍተው የቀደሱ ካህናት አረጁ። ቀልጦ ይሁን፣ ተሸጦ ይሁን፣ አያውቁም። ዕቃውን ወዲያው መላክ ባይቻል እንኳ "አለ፣ አልቀለጠም" የሚል ቃል ማድረስ ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ። አንዱ መንገድ ጠበቃ ነው። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ኔዘርላንድስም እንደዚያው። ጠበቃው ስም ሳይጠራ፣ ፎቶ አያይዞ ለሀገረ ስብከቱ ሊጽፍ ይችል ነበር። ዘውዱ ደግሞ ባንክ ቤት ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ለወቀሳ አይደለም። ነገ ተመሳሳይ ነገር ሻንጣ ውስጥ የሚያገኝ ሰው ይኖራልና፣ ብቻውን እንዳይሸከመው ነው።

መጋቢት 2010 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት መሪ ተለወጠ። አቶ ሲራክ ጊዜው ደረሰ ብለው አሰቡ። የሄዱትም የጠፉ የጥበብ ሥራዎችን በማፈላለግ ወደሚታወቀው ሆላንዳዊ ወደ አርተር ብራንድ ነው። ብራንድ በ2007 ዓ.ም. ከሂትለር ቢሮ ፊት ለፊት ቆመው የነበሩትን የነሐስ ፈረሶች ያስገኘ ሰው ነው። የጨለቆትን ዘውድ ጉዳይ በያዘበት ሰሞን ሌላ ጌጥም አስመልሷል፤ ከኦክስፎርድ አንድ ኮሌጅ የተሰረቀውን የደራሲ ኦስካር ዋይልድን የወርቅ ቀለበት።

ብራንድ መጀመሪያ የነገራቸው ነገር አደጋውን ነው። ዘውዱ እዚያ አፓርታማ ከቆየ ሊጠፋ እንደሚችል አስጠነቀቃቸው። ስለዚህ ለማንም ከመነገሩ በፊት ጥብቅ ጥበቃ ወዳለበት ቦታ ተወሰደ። ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ያወራል፣ ፎቶ ይለጥፋል፣ ከዚያ ነው ስለ ጥበቃ የሚያስበው። እዚህ መጀመሪያ ዕቃው ተጠበቀ፣ ቀጥሎ ማንነቱ ተጣራ፣ ዜናው የወጣው በመጨረሻ ነው።

ማጣራቱ የተሠራው በወቅቱ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ጥበብ ያጠና በነበረው በጃኮፖ ኚሺ ነው። ዘውዱ እውነተኛ መሆኑን አረጋገጠ። ትልቁ ማስረጃ ደግሞ ቀደም ብዬ ያነሳሁት የካህኑ ፎቶ ነው። ዘውዱን ደፍተው የቆሙበት አንድ ፎቶ ባይኖር ኖሮ ምን ይባል ነበር? "የኢትዮጵያ ነው፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው" ይባል ይሆናል። "የጨለቆት ነው" ለማለት ግን ከባድ ነው። ዘውዱ ከጠፋ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ባለቤቱን ያወቅነው አንድ ሰው በጊዜው ካሜራ ስላነሳ ነው።

የወርቅ ቀለበት አስፋልት ላይ ያገኘ ሰውም ቢሆን ነገሩ አይለይም። ባለቤትነት የሚረጋገጠው ያገኘው ሰው በማያሳየውና ባለቤቱ ብቻ በሚያውቀው ምልክት ነው። ቀለበት ካገኘህ ሙሉ ፎቶውን አትለጥፍ። "ቀለበት አግኝቻለሁ፣ የጠፋበት ምልክቱን ይንገረኝ" በል። ውስጡ የተቀረጸው ስም፣ የላላው ፈርጥ፣ የተጠገነው ቦታ ለራስህ ይቅር። ያረጀ ነገር ካገኘህ ደግሞ አትወልውለው። በወርቅ የተለበጠ መዳብ ሲፈተግ ወርቁ ይለቃል፣ ከወርቁ ጋር ማስረጃውም ይሄዳል። የተገኘበትን ቀንና ቦታ ጻፍ። አንድ የምታምነው ምስክር ይኑርህ፤ ያ ምስክር አንተ ብትታመም ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ዜናው የወጣው በመስከረም 2012 ነው። የኔዘርላንድስ መንግሥት መመለሱን አመቻቸ። ዘውዱ አዲስ አበባ ላይ የተሰጠው የካቲት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ የሰማዕታት ቀን። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ዘውዱን ተረከቡ፣ አቶ ሲራክንና የኔዘርላንድስን መንግሥትም አመሰገኑ። እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ፎቶውን ሳይ ደስ ብሎኛል። በለንደን ያለውን ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው ደስታው እጥፍ ነው። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከተዘረፉት ዘውዶች አንዱ፣ የብሩ፣ ለንግሥት ዘውዲቱ ተመልሶ ነበር። የወርቁ ግን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ቀረ። በ2010 ዓ.ም. ሙዚየሙ ያቀረበው በረጅም ጊዜ ውሰት እንስጣችሁ የሚል ነው። የራስን ዕቃ መዋስ! እዚያ ማን እንደወሰደው፣ ከየት እንደተወሰደ፣ የማን እንደሆነ የሚያከራክር የለም። የሚያግደው የእንግሊዝ ሙዚየሞች ንብረታቸውን እንዳይለቁ የሚከለክል ሕግ ነው። አንድ ስደተኛ ያለ ሕግና ያለ በጀት ያደረገውን ትልቅ ተቋም ማድረግ አልቻለም።

ወደ ጉዳያችን ልመለስና፣ ያ ሥነ ሥርዓት ጉዳዩን ዘጋው ወይ? እኔ ግማሽ መንገድ ነው እላለሁ። ለመንግሥት የተሰጠው ለአገር ተሰጥቷል። መስጠቱም ትክክል ነው፤ በሕግ ከአገር አገር ሊቀባበል የሚችለው መንግሥት ነውና። ባለቤቱ ግን ደብሩ ነው። ብዙ ሰው "ሙዚየም ይሻላል፣ ገጠር ወስዶ ዳግም ማሰረቅ ነው" ይላል። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ በጥቅምት 2013፣ ትግራይ ውስጥ የተነሳው ጦርነት ይህን ክርክር አጠናክሮታል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ግን የተሰረቀበትን ሰው "ቤትህ መዝጊያ የለውምና ዕቃህን እኔ ላስቀምጥልህ" ብሎ መቅረት ፍትሕ አይሆንም። ለቤቱ መዝጊያ መግጠም ነው። ጠንካራ ዕቃ ቤት፣ እሳት የማይደፍረው ሳጥን፣ ደመወዝ ያለው ጠባቂ ከአንድ ሙዚየም አዳራሽ ዋጋ ያንሳል። እስከዚያው ሙዚየም ቢያቆየው እንኳ በደብሩ ስም በአደራ ይመዝገብ። ካህናቱም መጥተው ይዩት። ለንግሥ በጥበቃ ሄዶ ይመለስ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬ ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ። ካሜራ ያለው ስልክ ገጠር ድረስ ገብቷል። አንድ ዲያቆን በአንድ ቀን የደብሩን ንዋየ ቅድሳት በሙሉ ፎቶ ሊያነሳ ይችላል። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ውስጡን፣ የተሰነጠቀውን ቦታ። አጠገቡ ማስመሪያ ያስቀምጥ፣ መጠኑ ይታወቅ። አንዱ ቅጂ ደብሩ ጋ፣ አንዱ ሀገረ ስብከት፣ አንዱ የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ጋ ይቀመጥ። ፎቶዎቹ ኢንተርኔት ላይ አይለቀቁ፤ ለሌባ ዝርዝር ማቅረብ ይሆናል። ነገ አንዱ መስቀል ወይም አንዱ ጽና ዱባይ ወይም ሮተርዳም ሻንጣ ውስጥ ቢገኝ፣ ያገኘው ሰው የሚጠይቀውና የሚመልስለት ሰው ይኖራል።